ሽማግሌዎቹን የላክሁበት ቤት

ያን ቀን ጠዋት በርበሬ እቀነጥስ ነበር። አንድ ማዳበሪያ ዛላ ግቢው ላይ ዘርግቼ፣ ጭራ ጭራውን እየነጠልኩ ሰፌድ ላይ እጥላለሁ። አፍንጫዬን በነጠላዬ ጫፍ አስሬዋለሁ። የልጅ ልጄ፣ ይህችው አሁን የምትጽፍልኝ፣ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ታስነጥሳለች፣ ታለቅሳለች። በርበሬው ነው ትለኛለች። እኔ ደግሞ በርበሬ ያስለቀሰውንና ሌላ ነገር ያስለቀሰውን ዓይን ለይቼ አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን በሙሉ ሐረር ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ ሸጫለሁ።

«እምዬ፣ ይኼ ይለፍ፣ አልጽፈውም» አለችኝ አሁን። ጻፊው አልኳት። ማልቀስሽ ካልተጻፈ መሳቅሽን ማን ያምናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ስትማር ቆይታ የመጨረሻ ዓመቷ ነበር። የመመረቂያ ሥራዋን አስተማሪዎቿ ፊት አቀረበች። ሥራዋ ኮምፒውተሩን ፈጣን ያደርገዋል፤ እነሱም አይተው ወደዱት። ኋላ አንዱ አስተማሪ ከበድ ያለ ሥራ ጭኖ ቢፈትነው ይሮጥ ይሮጥና የአንዱን ዕቃ ለሌላው ይሰጣል። ሰውየው ምን አላት መሰላችሁ፤ «ልጄ፣ አንቺ የሠራሽው ፈጣን ውሸታም ነው።» እስከ ሐሙስ አስተካክለሽ አምጪ፣ ካልሆነ ለሚቀጥለው ዓመት ትቆያለሽ ብለው ላኳት። ጓደኞቿ የምርቃቱን ጥቁር ካባ ተለክተው ጨርሰዋል። ይኼን ስቀነጥስ ሰኞ ነበር። ቅዳሜና እሑድን ስትፈልግ ከርማ ስህተቱን አላገኘችውም።

«ምን ብሎ ነው የሚዋሸው?» አልኳት።

«አይገባዎትም እምዬ።»

«እጄ ነው የተያዘው፣ ጆሮዬ ባዶ ነው። ንገሪኝ።»

ነገረችኝ። እኔ እንደገባኝ ነው የምናገረው፤ ከሳትኩ እየጻፈች ታርመኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ከርነል የሚባል አለቃ አለ። ከአለቃው ሥር ሠራተኞች አሉ፤ የእሷ ኮምፒውተር ስምንት ሠራተኛ አለው። አንድ ፕሮግራም ዕቃውን ሲፈልግ የሚያውቀው የቤቱን መጠሪያ ብቻ ነው እንጂ ቤቱ በእውነት የት እንዳለ አያውቅም። እውነተኛው ቦታ ትልቅ መዝገብ ላይ ነው ያለው። መዝገቡ ደግሞ በአንድ መግለጥ አይገኝም፣ አራት ቦታ ያዞራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠራተኛ በቅርቡ የተጠየቀውን ቤት ብቻ የሚይዝባት ትንሽ ማስታወሻ አጠገቡ አለችው። እሷ ላይ ካገኘው ወዲያው ይመልሳል፤ ካጣው ወደ መዝገቡ ይሄዳል። ማስታወሻዋ ስም አላት፣ ቲኤልቢ ነው የምትለው፤ ለእኔ አፍ አይሆንም።

በርበሬውን አስቀምጬ ሳቅሁ።

«ምን ያስቅዎታል?»

«ያ ሠራተኛ እኮ እኔ ነኝ።»

እውነቴን ነው። ጊደር መጋላ የምቀመጠው የጠባቧ መንገድ አፍ ላይ ነው። ከገጠር ከሶፊ ሽንኩርት የሚያመጣው፣ ከድሬ ጠያራ ማሽላ የሚጭነው፣ ሁሉም እኔን ነው የሚጠይቀው፤ የእገሌ ቤት በየት ነው ይላል። ጀጎል ውስጥ ቤት በቁጥር አይፈለግም፤ የጨው ነጋዴው ቤት፣ የሰፊዋ ቤት፣ የሐጂው ቤት ነው የሚባለው። ቀበሌ መዝገብ አለ፣ የለም አልልም። ግን አንዱ ክፍል በየትኛው በር በኩል እንደሆነ ነግሮ ወደ ሁለተኛው ይልክሃል፣ ሁለተኛው ሰፈሩን ነግሮ ወደ ሦስተኛው፣ ሦስተኛው መንገዷን ነግሮ ወደ አራተኛው፤ አራተኛው ጋ ስትደርስ ጸሐፊው ምሳ ወጥቷል። እስከዚያ የገበሬው አህያ ሽንኩርቱን ትበላለች። እኔ ከሃያ የሚበልጥ ቤት በራሴ አልይዝም፣ ግን ሰው አዘውትሮ የሚጠይቀው ያንኑ ሃያ ነው። አዲስ ሲገባ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ የከረመው ይወጣል።

«ሐጂ ብዙ አይደለም እንዴ?» አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች።

ብዙ ነው። ሶፊዎች የሐጂው ቤት ሲሉ አንዱን ነው፣ ድሬ ጠያራዎች ሲሉ ሌላውን። ልጅ ሳለሁ ይኼ ያሳብደኝ ነበር፤ የሶፊ ሰዎች ሄደው የድሬ ጠያራዎቹ ሲመጡ የያዝኩትን በሙሉ ከራሴ አራግፌ እንደ አዲስ እጠይቅ ነበር። በኋላ ነው ብልሃቱ የገባኝ። ቤቱን ከነጠያቂው አገር ያዝኩት፤ የሶፊዎቹ ሐጂ፣ የድሬ ጠያራዎቹ ሐጂ። ከዚያ ወዲህ ማራገፍ ቀረ።

«ይኼም እኛ ጋ አለ» አለችኝ፤ ወደ እኔ ዞራ ተቀመጠች። «ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ምልክት እንሰጣለን። እሱ ደህና ነው የሚሠራው። ችግሩ ቤት ሲለቀቅ ነው።»

ቤት ሲለቀቅ ማለት፣ አለቃው አንዱን ዕቃ ከቦታው አንስቶ ቦታውን ለሌላ ሲሰጥ ነው። በአሮጌው አሠራር አለቃው ስምንቱም ላይ ይጮኻል፤ ያንን ቤት ከማስታወሻችሁ ሰርዙ ይላል። ሁሉም ሥራውን አቁሞ ይሰርዛል፣ ሰርዣለሁ ይላል፤ አለቃው ስምንቱንም ሳይሰማ አዲስ ሰው ቤቱ አያስገባም። ደህና አሠራር ነው፣ ግን በየደቂቃው ጩኸት ነው። የእሷ ሥራ ጩኸቱን መቀነስ ነበር። የተለቀቁትን ቤቶች አጠራቅሞ አንድ ጊዜ መጮህ፤ ሥራ የሌለውን፣ የተኛውን ሠራተኛ ደግሞ ጭራሽ አለመቀስቀስ።

«የተኛ ሰው ምን ያጠፋል እምዬ? ማንም አይጠይቀውም» አለችኝ።

ይኼኔ ነው የቁልቢው ነገር ትዝ ያለኝ።

ብዙ ዓመቱ ነው፤ የዚህችን እናት ገና ሳልወልድ። ስለት ነበረብኝና ለገብርኤል ቁልቢ ሄድኩ። ሳምንት ያህል ቆየሁ። ከጎኔ የምትሸጠው ጎረቤቴ፣ እስላም ናት፣ የሐረር ልጅ፣ ቤቷም ከቤቴ ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ እሷ ሁለቱንም ቦታ ትጠብቃለች። እኔ በሌለሁበት የጨው ነጋዴው ጀጎል ውስጥ ያለውን ቤት ለቀቀና ወደ ሸዋ በር ሰፈር ተዛወረ። በቤቱ ሌላ ሰው ገባ። ጎረቤቴ ለአህያ ነጂዎቹም፣ ለሸማ ሻጩም፣ ለሁሉም ነገረች። እኔ አልነበርኩም፣ አልነገረችኝም።

ከቁልቢ በመጣሁ በማግስቱ ማለዳ ከእሷ ቀድሜ ገበያ ወጣሁ። በርበሬዬን እንኳ አልዘረጋሁም፣ አምስት ሽማግሌዎች ከሶፊ መጡ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል፣ በለጋ ቅጠል የተጠቀለለ ጫት ይዘዋል። ለጋብቻ እንደመጡ አየሁ፤ ደስ አለኝ።

«እህታችን፣ የጨው ነጋዴው ቤት በየት ነው?»

«በዚህች ግቡ፣ ሦስተኛው፣ አረንጓዴ በር» አልኩ። አፌ ላይ ነበረ፤ ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም።

ሄዱ። አረንጓዴው በር ውስጥ አዲሱ ሰውዬ ተቀምጧል። እንግዳ ነው፣ ማንንም አያውቅም። ጎረቤት ሊጠይቀኝ መጣ ብሎ ተቀበላቸው፣ አስቀመጣቸው። ትልቁ ሽማግሌ ዱዓ አድርጎ ጀመረ።

«ልጅህን ለልጃችን ፈልገን መጥተናል።»

«ሴት ልጅ የለኝም» አለ ሰውዬው።

ሽማግሌዎቹ ተያይተው ፈገግ አሉ። የአባት ወጉ ነው፤ የትኛው አባት ነው ሲጠየቅ አዎ አለችኝ፣ ውሰዷት የሚል። አንዱ ልጄ ገና ናት ይላል፣ አንዱ አልድርም ይላል። የለኝም ያለ እንኳ ከዚያ በፊት ሰምተው አያውቁም፣ ግን ከበድ ያለ አባት ነው ብለው አከበሩት። ጫቱን ፈቱ።

«ዛሬ የለችህም፤ እኛ እስክትኖርህ እንቀመጣለን።»

«ወላሂ የለኝም።»

«ወላሂም አለ» አለ አንዱ ለአንዱ በኦሮምኛ፤ «ይኼ ጥሩ ቤት ነው፤ በዋዛ ልጅ አይሰጡም።»

እስከ ዙህር፣ እስከ ቀትር ሶላት ለመኑት። የልጁን ከብት ቆጠሩለት፣ ማሳውን ነገሩት፣ አያቱ ማን እንደነበሩ ነገሩት። ሰውዬው ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ ተነሳና ወደ ጓዳ ጮኸ፤ አራት ወንዶች ልጆች ወጥተው በቁመታቸው ተደርድረው ቆሙ።

«ያሉኝ እነዚህ ናቸው» አለ።

ትልቁ ሽማግሌ ከዳር እስከ ዳር አያቸውና፣ «አምስተኛዋስ?» አለ።

እዚህ ላይ የልጅ ልጄ ደረጃው ላይ በጀርባዋ ወደቀች። ኮምፒውተሩን እኔ ነኝ የያዝኩላት፣ በርበሬ በነካው እጄ። ከቅዳሜ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ሽማግሌዎቹ ነገሩ ሲገባቸው ወደ እኔ ተመለሱ። ትልቁ አልተቆጣም፣ ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «እህታችን፣ የላክሽን ቤት ወንድ ብቻ የሚወለድበት ነው» አለኝ፤ ገበያው በሙሉ ሰማ። ከዚያ ላይ እውነተኛው አባት ሸዋ በር ቤቱን አስጠርጎ ሲጠብቅ ውሎ፣ ንቀውን ነው የቀሩት ብሎ አኩርፎ ነበር። ጎረቤቴ ራሷ ሄዳ አስረዳች፣ ታረቁ። ሠርጉም ተደረገ። ባልና ሚስቱ ዛሬም ሶፊ አሉ፤ የማንጎ ወቅት ሲደርስ አይረሱኝም።

እኔና ጎረቤቴ ግን ሳምንት አልተነጋገርንም።

«ለሌለ ሰው እንዴት ይነገራል?» ትላለች እሷ።

«ስመለስስ?»

«ስትመለሺ መጠየቅ ያንቺ ነው።»

«ያልሰማሁትን ምን ብዬ እጠይቃለሁ?»

ይኼን ስናገር የልጅ ልጄ ሳቋን አቆመች። ሳቋ እንደ መብራት ድርግም አለ።

«እምዬ፣ እዚያች ጋ ይቁሙ እስቲ። ከቁልቢ ሲመለሱ መጀመሪያ ያደረጉት ምንድን ነው?»

«ሽማግሌዎቹን መለስኩ።»

«ሌላ ምንም ሳያደርጉ?»

«ምን ላድርግ፤ መጡ፣ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። የተኛ ምን ያጠፋል ትያለሽ፤ ተኝቶ ሳለ ምንም አያጠፋም። የነቃ ዕለት ነው።»

«ከዚያ በኋላስ? እንዴት አደረጋችሁት? ጎረቤትዎ እርስዎን ቁልቢ ድረስ ሰው እየላኩ አይነግሩዎት።»

እንዴት እንዳደረግነው ነገርኳት። እኔም ጎረቤቴም ፊደል አንቆጥርም። ስንታረቅ ገበያ የምንቀመጥበት ዳስ ምሰሶ ላይ አንድ ሲባጎ አሰርን። በሰፈሩ አንድ ቤት በተለቀቀ ቁጥር፣ ያለችው ሰው ሲባጎው ላይ አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች። የምትሄደው ደግሞ ስትሄድ ምሰሶው ላይ ስንት ቋጠሮ እንዳለ አይታ በራሷ ሲባጎ ላይ ያንኑ ያህል ቋጥራ መቀነቷ ውስጥ ትይዛለች። ስትመለስ ሁለቱን ታስተያያለች። እኩል ከሆኑ ያወቀችው እንዳለ ነው፣ ትቀመጥ። ምሰሶው በአንድ ከበለጠ፣ የቱ ነው ብላ ያንን ብቻ ታርማለች። ብዙ ከበለጠ ግን አንድ በአንድ መጠየቅ አድካሚ ነው፤ የምታውቀውን በሙሉ ትተወውና እንደ አዲስ ሲጠየቅ ሲጠየቅ ትይዛለች። አንድ ጊዜ ወልጄ አርባ ቀን ስተኛ እንደዚያ ነው ያደረግሁት።

«ቁጥሩ እኮ አለኝ» አለች የልጅ ልጄ። ለራሷ ነው የምታወራው። «ቋጠሮው አለኝ። ሲነቃ ያስተያያል።» ከዚያ ቀና አለች። «እምዬ፣ ሲመለሱ መጀመሪያ ቋጠሮውን ነው የሚያዩት ወይስ ደንበኛውን ነው የሚያስተናግዱት?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው። ቋጠሮውን ነዋ። ደንበኛው ቢሻው ይቁም፣ ቢሻው ይሂድ።»

«እኔ ደንበኛውን አስቀድሜያለሁ» አለች።

እንዲህ ነበር ጥፋቷ። የተኛው ሠራተኛ ሲነቃ እጁ ላይ የመጣውን ሥራ ይጀምርና ቋጠሮውን ከዚያ ወዲያ ያያል። ብዙ ጊዜ በመሀሉ ማንም አይጠይቀውም፣ ስለዚህ ደህና ይመስላል። ሺህ ጊዜ ደህና ይመስላል። አንድ ቀን ግን ሽማግሌዎቹ ገና በርበሬው ሳይዘረጋ ይመጣሉ።

ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ጻፈች። ያስተካከለችው አንድ ቦታ ነው፤ የታችኛውን ወደ ላይ አወጣችው፣ በቃ። ለዚህ ነው ሦስት ቀን ያለቀሰችው። ማክሰኞና ረቡዕ ኮምፒውተሩን ከባድ ሥራ ጭናበት ሳታጠፋው ዋለ አደረ። ጎረቤቴ የኮምፒውተሩን ገመድ ነቅላ ስልኳን ልትሰካ ብትመጣ እጇን ያዝኩት።

«ምነው፣ እሳት ይዟል?»

«ልጅቷ እየተፈተነች ነው።»

«ልጅቷ ያው ተኝታለች እኮ።»

«ዕቃው ነው የሚፈተነው። አንቺ ቤትሽ ሰኪ።»

ሐሙስ አብሬያት ሄድኩ። ሊከለክሉዎት አይችሉም፣ ዘመድ መግባት ይችላል አለችኝ። በሚኒባስ ሄድን። አዲሱን ሻሽ አድርጌ ነበር። ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። እሷ ቆማ ተናገረች፤ ቃሉ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ግን በእጇ ስታሳይ ሁሉም ገባኝ። ይኼ ጩኸቱ ነው፣ ይኼ የተኛው ነው፣ ይኼ ቋጠሮው ነው እያልኩ ተከተልኳት።

ያ ፈጣን ውሸታም ያላት አስተማሪ ተነሳ። ጸጉሩ የሸበተ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ሰው ነው። የራሱን ፈተና ጫነበትና እጁን አጣምሮ ቆመ። መስኮቱ ላይ ዝንብ ነበረች፣ እሷ ብቻ ነው የምትሰማው። እኔ ይኼ ዝምታ ደህና ይሁን ክፉ አላወቅኩም። አጠገቤ የተቀመጠችውን ተማሪ ጎሸም አደረግኋት።

«ልጄ፣ ምን እየሆነ ነው?»

«ምንም እየሆነ አይደለም እማማ። ጥሩ ነው። ቢሳሳት ኖሮ ቀይ ጽሑፍ ይወጣ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ጽሑፉ ከሚታይበት ሰሌዳ አልነቀልኩም። ሁሉም የተጻፈው ነጭ ነው። አንድ ጊዜ ቀይ ያየሁ መስሎኝ ከወንበሬ ብድግ አልኩ፤ የአንዷ ልጅ ሻርፕ ነው በሰሌዳው መስታወት ላይ የታየኝ። ቅዳሴ ሙሉ የቆምኩትን ያህል ቆየ። አስተማሪው ሰዓቱን አየ፣ ሰሌዳውን አየ፣ የበለጠ ጫነበት። ነጭ። እንደገና ጫነበት። ነጭ።

«ፍጥነቱስ?» አለ ሌላው አስተማሪ በአማርኛ።

«እንደ ፊተኛው ነው» አለ ይኼኛው። «ውሸቱ ብቻ ነው የጠፋው።»

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሮ፣ የተኛው ሲነቃ ቅደም ተከተሉ መዛባቱን እንዴት አገኘሽው አላት። እሷም ሳትደብቅ፣ አያቴ ነገረችኝ አለች። ሰዎቹ ቀልድ መሰላቸው፣ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ወደ ኋላ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝና፣ «እማማ፣ ካባውን ይዘዙላት» አለኝ።

እልል ማለት ፈልጌ ነበር፤ ተማሪ ቤት ነው ብዬ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ግን አልቻልኩም። ሾፌሩ ሠርግ ላይ ነው እንዴ ያላችሁት አለን። አዎ አልኩት።

ሰፈር ስንደርስ ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ከፊታችን አነበበችው፤ መጠየቅም አላስፈለጋት። ልጅቷን አቅፋ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ እያለች ጭንቅላቷን ሳመቻት። ልጅቷ ገብታ ተኛች፤ ሰሞኑን በቅጡ ያልተኛችውን እንቅልፍ ነው። እኛ ሁለታችን ደጁ ላይ ቀረን። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት፤ ከርነሉን፣ ስምንቱን ሠራተኞች፣ ማስታወሻውን፣ ከቁልቢ የተመለስኩ ዕለት ያደረግሁትን ልጅቷ እንዴት እንደተጠቀመችበት። በጥሞና ሰማችኝ።

«እኔ ያልነገርኩሽ እንግዲህ እንዲህ ሊጠቅም ነው» አለች።

«አንቺማ ጥፋተኛ ነሽ፣ አሁንም።»

«እሺ፣ ይሁን፣ ጥፋተኛ ነኝ» አለችኝ፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ስታምን የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ወደ ቤቷ ልትገባ በሩን ከከፈተች በኋላ ዞር ብላ፣ «የእኔም የልጅ ልጅ ኢንሻአላህ ለሚመጣው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ሌላ ያጠፋነው ካለ፣ ለማንም እንዳታወሪ፤ ለእሷ አስቀምጪልኝ» አለችኝ።